ፏፏቴ ሥር የተደበቀ ጂኦካሽ ፍለጋ፦ በጎንደር ገደላገደል የመውረድና የመውጣት መመሪያ

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የደጋ ጠርዝ ላይ ቆሜ፣ ጂኦካሽ፣ ማለትም በጂፒኤስ እየተፈለገ የሚገኝ የተደበቀ ዕቃ፣ ለመፈለግ ስልኬን ስከፍተው ቀስቱ ወደ ፏፏቴው አቅጣጫ ተዘርግቶ «180 ሜትር» አለኝ። ቁጥሩ በአየር ላይ የተወጠረ ገመድ ርዝመት እንጂ የመንገድ ርቀት አለመሆኑን አውቅ ነበር፤ ሆኖም ፏፏቴው ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ድምፁም እየተሰማ፣ 180 ሜትር እንዴት ሩቅ ይሆናል ብዬ በቀጥታ መውረድ ጀመርሁ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድሁ የጠፋ በሬ የሚፈልጉ አንድ አዛውንት ከላይ ሆነው ተጣሩና «ልጄ፣ በዚያ የሚወርደው ዝንጀሮ ነው፤ የሰው መንገድ በዚህ ነው» አሉኝ። «አባቴ፣ በዚህ በኩል ሩቅ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «ሩቅስ ሩቅ ነው፤ ግን ያደርስሃል» ብለው መለሱልኝ። በእርሳቸው መንገድ ዞሬ ፏፏቴው ሥር ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ከታች ሆኜ ሽቅብ ስመለከት ልወርድበት የነበረው ሳር የለበሰ ተዳፋት ከመሐሉ ተቆርጦ፣ ከሥሩ የሦስት ፎቅ ቁመት የሚያህል ገደል ኖሯል።

ይህ መመሪያ ለእንዲህ ያለ ቦታ አዲስ ለሆነ ሰው የተዘጋጀ ነው። የፏፏቴውን ስምና መጋጠሚያ ሆን ብዬ አልጠቅስም፤ የተደበቀውን ነገር ያለበትን ቦታ በአደባባይ አለመናገር የጨዋታው ወግ ነውና። ከከተማው በስተሰሜን ወደ ኮሶዬና ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ያለው አገር በአብዛኛው በተመሳሳይ መልክ የተቆራረጠ ስለሆነ፣ ስለ አንዱ ሸለቆ የሚነገረው ለሌላውም ይሠራል።

ጨዋታውና ቁጥሩ

ጂኦካሺንግ አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ ደብቆ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን በኢንተርኔት ሲያስታውቅ፣ ሌሎች በጂፒኤስ እየተመሩ ፈልገው የሚያገኙበት ጨዋታ ነው። ያገኘ ሰው በውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ዕቃውን ወደነበረበት ይመልሳል፤ በውስጡ ካሉት ትንንሽ ነገሮች አንዱን መውሰድ ከፈለገም በዋጋ የማያንስ ሌላ ነገር ይተካል። ጨዋታው የተጀመረው የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች ሆን ብሎ የሚያደርገውን የጂፒኤስ ምልክት ማዛባት ባቆመ ማግስት ነው። እስከዚያ ድረስ መቶ ሜትር ያህል ሊስት ይችል የነበረው መሣሪያ በአንድ ሌሊት ጥቂት ሜትሮች ብቻ የሚስት ሆነ። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ በከፊል ቀብሮ ቁጥሩን አሳወቀ። በባልዲው ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የታሸገ የቦሎቄ ቆርቆሮ ነበር። ዛሬ በደንቡ መሠረት ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መቅበርም ምግብ ማስቀመጥም ክልክል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጂኦካሽ አሁን ቢቀርብ ኖሮ በሁለት ጥፋት ይመለስ ነበር።

እያንዳንዱ ጂኦካሽ ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ ሁለቱም ከ1 እስከ 5 በግማሽ በግማሽ እየጨመሩ ይሰጣሉ። አንዱ ዕቃውን ለማግኘት ምን ያህል ማሰብና መፈለግ እንደሚያስፈልግ፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። ጀማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ፏፏቴ ሥር ያለ ዕቃ ለማግኘቱ 1.5 ብቻ ተሰጥቶት መንገዱ 4 ሊሆን ይችላል፤ «ቀላል ነው» ተብሎ የተነገረዎት የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይነሡ። የመንገዱ ደረጃ 5 ከሆነ ገመድን የመሰለ ልዩ መሣሪያና የአጠቃቀም ችሎታ ይጠይቃል ማለት ነውና ይህ መመሪያ ለእርሱ አይበቃም።

የቦታው ቁጥር የሚጻፈው በዲግሪና በአስርዮሽ ደቂቃ ነው። «ሰሜን 12 ዲግሪ 36.250 ደቂቃ» ቢል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው 250 የደቂቃ ሩብ፣ ማለትም 15 ሴኮንድ ነው። ብዙ ሰው ግን 25 ሴኮንድ አድርጎ ወደ ስልኩ ያስገባዋል፤ የ10 ሴኮንዱ ልዩነት መሬት ላይ ከ300 ሜትር በላይ ይሆናል። በሜዳ 300 ሜትር ተመልሶ መሄድ ነው፤ በገደል አገር ግን ከወንዙ ማዶ አውጥቶ ሊያስቀምጥዎት ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከቤት ሳይወጡ አስገብተው፣ የሚያሳየው ነጥብ በእርግጥ ፏፏቴው አጠገብ መሆኑን በሳተላይት ምስል ያመሳክሩ። ካርታውንም ዋይፋይ ባለበት አውርደው ይያዙ፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ካርታው ግን አስቀድሞ ካልተጫነ ባዶ ሰሌዳ ነው።

ወደ ሸለቆው በወረዱ መጠን ቁጥሩ መዋሸት ይጀምራል። ሰማዩ በሁለት ገደሎች መካከል ስለሚጠብ ስልኩ የሚያያቸው ሳተላይቶች ያንሳሉ፤ የቀሩትም ምልክታቸው በግድግዳው ላይ እየነጠረ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መሣሪያው ይህን መዘግየት እንደ ርቀት ይቆጥረዋል። ሜዳ ላይ አምስት ሜትር የሚስት ስልክ ፏፏቴ ሥር ሃያና ሠላሳ ሜትር ቢስት አይደነቅም። ቀስቱ ሲሽከረከር እርሱን ተከትሎ በዐለት ላይ ወዲያና ወዲህ መዝለል የብዙ ውድቀት ምክንያት ስለሆነ፣ ስልኩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁት። ቀስቱን የሚመለከቱት ቆመው ብቻ ይሁን፤ ሲራመዱ ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው።

መንገዱ ለምን በዚያ እንደሚያልፍ

የጎንደር ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ በተነባበረ ቅልጥ ዐለት የተሠራ ነው። ጠንካራው ንብርብር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በሁለት ጠንካሮች መካከል ያለው ለስላሳው ተሸርሽሮ ሳር የለበሰ ተዳፋት ይሆናል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚታየው ተዳፋቱ ብቻ ነው፤ ሳሩ እስከ ወንዙ የሚዘልቅ ይመስላል፣ ገደሉ ግን ከሳሩ ጫፍ በታች ተደብቆ ይጠብቃል። ፏፏቴውም የተፈጠረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወንዙ ጠንካራውን ደረጃ መቁረጥ ስላቃተው ዘልሎ ይወርዳል። እንግዲህ ሰውና ከብት የሚተላለፍበት መንገድ በየትም አይሆንም። ጠንካራው ንብርብር የተናደበት ወይም የተሰነጠቀበት ጠባብ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ አገሬው ይህን «በር» ይለዋል። ከፏፏቴው ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ በር ብዙ ነው። ስልኩ በሩን አያውቀውም፤ እረኛው ያውቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከጠርዙ ላይ ሆኖ በሩን መጠየቅ ነው። ሲጠይቁ «ወደ ፏፏቴው መንገድ አለ?» አይበሉ፤ እንግዳን ላለማሳፈር «አለ» የሚል መልስ ይመጣልና። «ከብት በየት ነው የሚወርደው?» ብለው ይጠይቁ። ላምና በሬ የሚወርዱበት መንገድ ለሰው ይሆናል፤ ፍየል የምትወርድበት ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ይህን ልዩነት ያስተማረኝ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ይኼ የፍየል ነው» ብሎ እጄን ይዞ መለሰኝ። ልጅን ለመሪነት ይዞ መውረድ ግን አይገባም፤ ዐዋቂ ሰው በስምምነት ይዘው ይሂዱ፣ ክፍያውንም ሳይወርዱ ይነጋገሩ።

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለው የጅንባር ፏፏቴ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ውኃው 500 ሜትር ያህል ወደ ግጭ ገደል የሚወረወር በመሆኑ ከማዶ ካለው የዐለት አፍንጫ ላይ ሆኖ ይታያል እንጂ ወደ ሥሩ አይወረድም። በፓርኩ ውስጥ መንቀሳቀስ የሚቻለውም ከጠባቂ ስካውት ጋር ነው። እዚያ ዕቃ ለመደበቅ የሚያስብ ሰው ካለ ያለ ፓርኩ ፈቃድ አንዲት ክዳን እንኳን ጥሎ መውጣት እንደማይገባው ይወቅ።

መቼ፣ በስንት ሰዓት

ሐምሌና ነሐሴ ፏፏቴው ከሁሉ የሚያምርበት፣ መንገዱም ከሁሉ የሚከፋበት ጊዜ ነው። በእኔ ግምት ምርጡ ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው፤ ውኃው ገና አልጎደለም፣ አደይ አበባውም አልረገፈ ይሆናል፣ ጭቃው ግን መጠንከር ጀምሯል። ከጥር በኋላ ብዙዎቹ ትንንሽ ፏፏቴዎች ወደ ጠብታ ይወርዳሉ፤ መንገዱ ደረቅ ይሆንልዎታል፣ ነገር ግን በደረቀ ተዳፋት ላይ የሚንከባለል ጠጠር ከድጥ የማይተናነስ መሆኑን አይርሱ።

ተራራ የሚወጣ ሰው ከባዱን ሥራ በማለዳ በትኩስ ጉልበት ይጨርሳል። ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጠዋት በቀላሉ ወርዶ፣ ከሰዓት በኋላ ደክሞት፣ ደመና ሲሰበሰብ ነው ዳገቱን የሚጀምረው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ለቆላ ሰው ትንፋሹም አይበቃም። ስለዚህ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ተኩል መንገድ ይጀምሩ፤ የመመለሻውንም ሰዓት ከላይ ከጠርዙ ላይ ሆነው ይወስኑ። የእኔ ልማድ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ዕቃው ቢገኝም ባይገኝም፣ ፊትን ወደ ዳገቱ ማዞር ነው። ይህ ውሳኔ ከታች አይወሰንም፤ ከታች ሆኖ «አሥር ደቂቃ ብቻ» የማይል ሰው አላየሁም፣ እኔም ብያለሁ፣ ያቺ አሥር ደቂቃ ከዝናብ ጋር አገናኝታ እኩለ ዳገት ላይ በድንጋይ ሥር ሁለት ሰዓት አስቀምጣኛለች።

ሳይነሡ ከሰው ጋር የሚፈጸም

የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዕለቱን ሁኔታ ከአገሬው ሰውና ከቀበሌው ጠይቀው፣ ካልተመቸ ጉዞውን ይተዉት። መታወቂያ ይያዙ። በእጁ መሣሪያ ይዞ ገደል ለገደል የሚዞር እንግዳ ጥርጣሬን መጫሩ የማይቀር ስለሆነ፣ ምን እንደሚፈልጉ አስቀድመው በግልጽ መናገር ከብዙ ጣጣ ያድናል። በተጨማሪም ከጠርዙ አጠገብ ላለ ቤት «ወርደናል፣ እስከ 9 ሰዓት እንወጣለን» ብለው ይንገሩ፤ በሸለቆው ውስጥ ስልክ ላይሠራ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ፏፏቴው ጸበል መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ብዙ ፏፏቴ ጸበል ነው። በቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በድንጋይ ላይ የቆመ መስቀል፣ ከላይ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ካዩ ጉዳዩ አለቀ፤ በዚያ ዕቃ አይደበቅም፣ የተደበቀም ካለ አይፈለግም፣ በሚጠመቁ ሰዎች ላይ ካሜራ አይነሣም። ጸበል ባይሆንም እንኳን ድንጋይ ሥር የተሸጎጠ የታሸገ ዕቃ በእኛ አገር ዓይን የልጆች ጨዋታ አይመስልም፤ መተት ይመስላል። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ሣጥኑን ስንመልስ ውኃ ሊቀዱ የወረዱ እናት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው «ምን እየቀበራችሁ ነው?» አሉን። «እናቴ፣ እየቀበርን አይደለም፤ ጨዋታ ነው» ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ደብተሩንና እርሳሱን አሳየኋቸው። አገላብጠው ካዩ በኋላ «ለጨዋታ ነው ከጎንደር እዚህ ድረስ?» ብለው ሳቁብን። ባንከፍትላቸው ኖሮ ሣጥኑ በማግስቱ ወንዝ ውስጥ ነበር፤ እርሳቸውንም ማንም አይፈርድባቸውም። በውጭ አገር ተጫዋቾች የሚወዱት የብረት የጥይት ሣጥንማ ለእኛ አገር ጨርሶ አይሆንም፤ ምክንያቱን ማስረዳት የሚያሻ አይመስለኝም። ግልጽ ፕላስቲክ፣ በላዩም በአማርኛ ምንነቱ የተጻፈበት ይሁን።

ጫማ፣ ዱላ፣ ስንቅ

ጫማው ጥልቅ ጥርስ ያለውና ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ይሁን። ለስላሳ ሶል ያለው ስኒከር በድጥ ላይ እንደ ሳሙና ነው። ሶሉ ጠንካራ የሆነ አዲስ ጫማም በእርጥብ ዐለት ላይ አይታመንም። ዱላ ግዴታ ነው፤ የወይራ ዱላ ከሆነ ደግሞ ከማንኛውም የሱቅ ምርኩዝ ይበልጣል፣ ቁመቱ ግን ከወገብ በላይ ይድረስ፤ ቁልቁል ሲተክሉት አጭር ዱላ ያጎነብሳል። ጋቢ አይያዙ፤ ሲደርቅ ያሞቃል፣ በፏፏቴ ጭጋግ ሲርስ ግን ሸክም ነው፤ የላስቲክ የዝናብ ልብስ ይበቃል። ሁለት እጅዎ ነጻ እንዲሆን ሁሉም ነገር ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ይግባ። ስልኩን በፌስታል ጠቅልለው በደረት ኪስ ያድርጉት። እርሳስ ይጨምሩ፤ በእርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። አንድ ጥንድ ወፍራም አሮጌ ካልሲም ይያዙ፤ ጥቅሙን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ። ለስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ለጉልበት በሶ ይበቃሉ፤ ውኃውን ግን ከቤት ይያዙ እንጂ ከወንዙ ሳያክሙ አይጠጡ።

ቁልቁለቱ

ድጥ ሁለት ዓይነት ነው። ቀዩ አፈር ከሥሩ ጠንክሮ ከላይ ብቻ ሲርስ እንደ ቅቤ የተቀባ ጣውላ ይሆናል፤ በእርሱ ላይ የመንገዱን መሐል ትተው በጠርዙ፣ የሳር ሥር አፈሩን ባሰረበት በኩል ይራመዱ፣ ወይም የከብት ኮቴ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ደረጃ እግርዎን እያሳረፉ ይውረዱ። ጥቁሩ ዋልካ ደግሞ ከማዳለጥ ይልቅ ይጣበቃል፤ ጥቂት እርምጃ ሳይሄዱ የጫማው ጥርስ ይደፈናል፣ ከዚያ በኋላ የሚያዳልጠው መሬቱ ሳይሆን ጫማዎ ነው። በየመታጠፊያው ቆመው በዱላው ጫፍ ጭቃውን ያራግፉ። ሁለቱ አፈሮች በአንድ መንገድ ላይ ሊፈራረቁ ስለሚችሉ ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር አረማመድም ይለወጣል።

የፈራ ሰው ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ መውደቅን የሚያመጣው ይኸው ነው። ሰውነት ወደ ኋላ ሲያዘነብል ክብደቱ ተረከዝ ላይ ያርፍና ተረከዙ ወደ ፊት ይነጠላል፣ በመቀመጫ ያስወርዳል። ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው፣ ክብደትዎን ከእግርዎ በላይ ጠብቀው፣ እርምጃዎን አሳጥረው፣ የጫማውን ሶል ሙሉ በሙሉ ያሳርፉ። በጣም ሲቆም ጎንዎን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥተው ተሻጋሪ እርምጃ ይጠቀሙ። ዱላው ከእግር ቀድሞ ወደ ታች ይተከላል፤ ዱላው ሲረጋ አንድ እግር፣ እርሱ ሲረጋ ሌላው። ዝግታው ያሰለቻል፤ ቢሆንም እኔ የወደቅሁት ሁልጊዜ ድጡ ላይ ሳይሆን ድጡን አልፌ «ተገላገልሁ» ባልሁበት እርምጃ ነው።

እጅ ቁጥቋጦ መያዝ ይወዳል። ወይራና ክትክታ ሥር ሰድደው ከሆነ ይይዛሉ፤ ቀጋና አጋም ይወጋሉ፤ ሳማ ደግሞ ያንገበግባል፣ በደመ ነፍስም ያስለቅቃል፣ አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚይዙትን ሳያዩ አይያዙ፤ የያዙትንም ክብደትዎን ሳይጥሉበት አስቀድመው ሳብ አድርገው ይፈትኑ። ከሰው ጋር ከሆኑ አንዱ ከሌላው ራስ በላይ አይቁም፤ መታጠፊያው ጋ እየተጠባበቁ በየተራ ይውረዱ። ድንጋይ ከእግር ሥር ካመለጠ ትንሽም ትሁን ትልቅ «ድንጋይ!» ብሎ መጮኽ ነውር አይደለም።

ውኃው ዳር

ፏፏቴው ጋ ሲቃረቡ አፈሩ ያልቅና ዐለቱ ይጀምራል። የማይደርቅ ጭጋግ የሚያርሰው ዐለት አረንጓዴና ጥቁር አልጌ ይለብሳል፤ እርሱን የሚያህል አዳላጭ ነገር የለም። የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ትተው ደብዛዛውንና ሻካራውን ግራጫ ይርገጡ። ማምለጫ ከሌለ ቀደም ሲል የጠቀስኋቸውን አሮጌ ካልሲዎች በጫማዎ ላይ ይልበሷቸው፤ ወፍራም ጨርቅ በአልጌው ውስጥ ገብቶ ዐለቱን ይይዛል። መልኩ ያስቃል፣ ነገር ግን ይሠራል። ጭቃ ላይ ግን ዋጋ የለውምና ዐለቱን ሲጨርሱ ያውልቁት። የሚዘለል ነገር የለም፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም አንድ እግርና ሁለት እጅ ሁልጊዜ የረጋ ነገር ይንኩ።

ወንዙን መሻገር ካስፈለገ ከፏፏቴው አፋፍ በላይ በፍጹም አይሻገሩ። ከታች ሰፋ ብሎ በሚጠልቅበት ሳይሆን ሰፋ ብሎ በሚሳሳበት ቦታ፣ ፊትዎን ወደ ላይኛው የውኃ መምጫ አዙረው፣ ዱላውን ከፊት ተክለው፣ የቦርሳውን ማሰሪያ ፈትተው በጎን በጎን ይሻገሩ። ከጉልበት በላይ ከሆነ አይሻገሩ። ወራጅ ባልሆነ ኩሬ ውስጥ መዋኘትም ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል።

ከዝናብ የበለጠ የሚያስፈራው ደራሽ ውኃ ነው። እርስዎ ባሉበት ፀሐይ ወጥቶ ሳለ፣ ከላይ በደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ጥርት ያለው ውኃ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ድምፁም ከወትሮው ከወፈረ፣ ዕቃ ሳይሰበስቡ በቅርቡ ወዳለ ከፍታ ይውጡ። በወንዙ አቅጣጫ ቁልቁል መሮጥ ትርጉም የለውም። ውኃው ከዚህ በፊት የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ደግሞ በዳር ያሉ ቁጥቋጦዎችን ይመልከቱ፤ ከራስዎ በላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ የተጠለፈ ጭድና ሳር ካዩ ክረምቱ እስከዚያ ሞልቶ እንደ ነበር ይነግርዎታል።

ፍለጋው

ያው የጭድ ምልክት ለፍለጋውም መነሻ ነው። አስተዋይ ሰው ዕቃውን ከዚያ ምልክት በታች አይደብቅም፤ በአንድ ክረምት ይወሰድበታልና። ስልኩ 15 ሜትር ያህል ሲል ወደ ኪስ መልሱትና ዓይንዎን ይጠቀሙ፤ «እኔ ብሆን የት እደብቅ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ጭጋጉ የማይደርስበት፣ ከላይ ጥላ ያለው፣ ቆሞ ለሚጽፍ ሰው የሚያስተማምን መርገጫ ያለው ቦታ በአንድ ፏፏቴ ዙሪያ ከሦስትና ከአራት አይበልጥም። ከዚያም ተፈጥሮ የማትሠራውን ይፈልጉ፦ እርስ በርሱ የተደገፈ ድንጋይ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የተጋደመ ጭራሮ፣ የድንጋይ ሽበት ያለበት ፊቱ ወደ ታች የተገለበጠ ድንጋይ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሽበት ብርሃን ወደሚያገኝበት ነውና፣ ሽበቱ ወደ መሬት ከዞረ ያዞረው ሰው ነው። እኔ ያን ቀን ሣጥኑን ያገኘሁት በዚህ ነው፤ ቀስቱ ወደ ወንዙ መሐል ሲጠቁም፣ ሣጥኑ 25 ሜትር ያህል ርቆ ከገደሉ ግርጌ ነበር።

ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ዱላ ይገባል፣ ቀጥሎ የስልኩ ብርሃን፣ እጅ በመጨረሻ። እባብም ጊንጥም ደረቅ ጥላ ይወዳሉ፤ ደባቂውም እንዲሁ።

ሣጥኑ ሲገኝ እጅዎን አድርቀው፣ ጀርባዎን ለፏፏቴው ሰጥተው፣ በዝናብ ልብሱ ሥር ይክፈቱት። ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። ከመዝጋትዎ በፊት የክዳኑን የጎማ ቀለበት በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የሳር ጭራ በመሐል ከቀረች ውኃ ይገባል፣ ከወር በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ገንፎ የሆነ ወረቀት ነው። ቆሎ ለሚቀጥለው ሰው ትቶ መሄድ ደግነት ይመስላል፤ ዝንጀሮው ግን ከሚቀጥለው ሰው ቀድሞ ይደርሳል። ሣጥኑ በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት አኳኋን ይመለስ እንጂ «የተሻለ» ወደመሰለዎት ቦታ አይዛወር።

መውጣት

ዳገቱ ትንፋሽ ይፈጃል፣ ለእግር ግን ከቁልቁለቱ ይሻላል፤ መርገጫዎን ከፊትዎ ያዩታልና። የጫማውን ፊት ጭቃው ውስጥ እየመቱ እንደ ደረጃ ይውጡ። በወረዱበት መንገድ ይመለሱ፤ ሲወጡ «ይሄኛው ያሳጥራል» የሚል መንገድ ሁልጊዜ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም በዝንጀሮ መንገድ ያበቃል። ለዚህ ሲወርዱ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ዞረው መንገዱ ከታች ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል፤ የተሰነጠቀ ወይራ፣ ነጭ ድንጋይ፣ የፈረሰ ካብ በአእምሮ ይያዙ። ሰው ቁርጭምጭሚቱ ከዞረበት ጫማውን አያውልቁለት፤ ካበጠ ተመልሶ አይገባም። ማሰሪያውን አጥብቀው፣ ሁለት ዱላ ሰጥተው፣ ሸክሙን ተቀብለው ቀስ ብለው ያውጡት፤ መርገጥ ካቃተው ግን አንድ ሰው አብሮት ይቆይና ሌላው ወጥቶ እርዳታ ይጥራ።

ጠርዙ ላይ ሲደርሱ መውረድዎን ወደነገሩት ቤት ጎራ ብለው መውጣትዎን ያሳውቁ። ማታ ቤት ገብተው በኢንተርኔት ያለውን የጂኦካሹን መዝገብ ሲሞሉ ሣጥኑን አላገኙትም ቢሆን «አላገኘሁም» ብለው ይጻፉ፤ ሦስት ሰው በተከታታይ ያላገኘው ዕቃ ምናልባት ጎርፍ ወስዶታል፣ ባለቤቱ የሚያውቀው በእናንተ ቃል ነው። ያገኘም ያላገኘም የመንገዱን ሁኔታ ከቀኑ ጋር ያስፍር። እኔ በጥቅምት ወር የጻፍሁት እንዲህ ይል ነበር፦ «በሩ ከፏፏቴው በስተምሥራቅ ነው፤ ከብት በሚወርድበት ይውረዱ። ከሦስተኛው መታጠፊያ በታች ቀዩ አፈር ገና አልደረቀም፣ የግራውን ጠርዝ ይያዙ። እርሳሱ አጥሯል፣ የሚቀጥለው ሰው አንድ ይዞ ይምጣ።»